ዳይፐር ውስጥ ያለው ነጭ ዱቄት ከየት ይመጣል?

ያልተነካ ዳይፐር ወስዳችሁ መሃሉን በመቀስ ቅደዱትና ወረቀት ላይ አራግፉት። ከጥጥ መሰሉ ነገር ጋር ስኳር የሚመስሉ ነጭ ቅንጣቶች ይረግፋሉ። በጣት ሲነኩ ደረቅና ሸካራ ናቸው። ከእነሱ አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ወስዳችሁ ውሃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ጨምሩ። ከአንድ ሁለት ደቂቃ በኋላ ብርጭቆውን ብትገለብጡት የሚፈስ ነገር የለም። ውሃው የት ገባ?

ይህን ሙከራ ብዙ ሰው በቪዲዮ አይቶታል። ከሥሩ የሚጻፈው አስተያየት ግን ሁሌም አንድ ዓይነት ነው፦ «ኬሚካል ነው፣ ልጆቻችሁን ጠብቁ!» ኬሚካል መሆኑስ እውነት ነው። ውሃውም ኬሚካል ነው። ጥያቄው ምን ዓይነት ኬሚካል ነው፣ እንዴት ተሠራ፣ ምንስ ያደርጋል የሚለው ነው። አሠራሩን ያወቀ ሰው የቀረውን ጥያቄ ግማሹን ራሱ ይመልሰዋል።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር። ውሃ የሚጠጣ ነገር መሥራት ያን ያህል ከባድ አይደለም። ከባዱ ጠጥቶ የሚይዝ፣ ሲጫኑት የማይተፋ፣ አጠገቡ ያለውንም ቅንጣት እንዳይጠጣ የማያግድ ነገር መሥራት ነው። የፋብሪካው ድካም በሙሉ እዚህ ላይ ነው።

ለመሆኑ ስሙ ማን ነው?

«ሱፐር አብዞርበንት ፖሊመር» ይባላል። በሥራው ያሉ ሰዎች አሳጥረው «ሳፕ» ይሉታል፤ እኛም እንዲሁ እንበለው። ፖሊመር ማለት ትንንሽ ሞለኪውሎች እንደ ዶቃ ተሰክተው የሚሠሩት ረጅም ክር ነው። ፕላስቲክ ፖሊመር ነው። ጎማም፣ ጥጥም እንደዚያው። የሚለያዩት በዶቃቸው ነው። በአብዛኛው ሳፕ ውስጥ ያለው ዶቃ አክሪሊክ አሲድ ከሚባል ፈሳሽ የመጣ ሲሆን፣ አብዛኛው በሶዲየም ወደ ጨውነት ተለውጧል። የዕቃ ማሸጊያ ላይ «ሶዲየም ፖሊአክሪሌት» የሚል ካያችሁ ይኸው ዱቄት ነው።

ከስፖንጅ በምን ይለያል?

ስፖንጅ ቀዳዳ አለው። ውሃው ቀዳዳው ውስጥ ይቀመጣል፤ ስትጨምቁት ይወጣል። ሳፕ ግን የሚታይ ቀዳዳ የለውም። ውሃው የሚገባው በክሮቹ መካከል ነው። ቅንጣቷም ትሞላለች ከማለት ታብጣለች ማለት ይሻላል።

ለምን ታብጣለች? በእያንዳንዱ ዶቃ ላይ አንድ ሶዲየም ተንጠልጥሏል እንበል። ቅንጣቷ ደረቅ ሳለች ሶዲየሙ ከክሩ ጋር ተጣብቆ ይቀመጣል። ውሃ ሲነካው ይላቀቅና መንሳፈፍ ይጀምራል። ክሩ ደግሞ ኔጌቲቭ ኤሌክትሪክ ይዞ ይቀራል። ሶዲየሙ ፖዘቲቭ ስለሆነ ርቆ መሄድ አይችልም፤ ክሩ ይጎትተዋል። እንግዲህ ቅንጣቷ ውስጥ ጨው በዝቷል፣ ውጪ ያለው ውሃ ግን ጨው የለውም ማለት ነው።

የተከተፈ አትክልት ላይ ጨው ነስንሳችሁ ከተዋችሁት ውሃ ያወጣል አይደል? ውሃ ምንጊዜም ጨው ወደበዛበት ይሄዳል። እዚህም ሕጉ ያው ነው፤ ልዩነቱ ጨዉ የታሰረው ቅንጣቷ ውስጥ በመሆኑ ውሃው ከውጪ ወደ ውስጥ ይሮጣል። በዚያ ላይ ኔጌቲቭ የሆኑት ክሮች እርስ በርስ ስለሚገፋፉ ተጨማደው የነበሩት ይዘረጋሉ፣ ቦታም ይሰፋል።

ከዚህ በመነሳት አንድ የተለመደ ማታለያ መያዝ ትችላላችሁ። አንዳንድ ማስታወቂያ «ከክብደቱ 500 እጥፍ ይጠጣል» ይላል። ውሸት ላይሆን ይችላል፤ ግን የተለካው ምንም ጨው በሌለው በተጣራ ውሃ ነው። ሽንት ጨው አለው። ውጪውም ጨዋማ ከሆነ በውስጥና በውጪ መካከል ያለው ልዩነት ይጠባል፤ የሚገባውም ውሃ ይቀንሳል። በተጣራ ውሃ ከ300 እጥፍ በላይ የሚጠጣ ሳፕ ጨዋማ ውሃ ውስጥ ከ30 እስከ 50 እጥፍ ብቻ ሊጠጣ ይችላል። ብርጭቆው ውስጥ ባበጠው ጄል ላይ የገበታ ጨው ብትጨምሩበት ደግሞ ሲፈታና ውሃ ሲለቅ በዓይናችሁ ታያላችሁ።

ታዲያ ለምን ሟሙቶ አይጠፋም?

ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ጥያቄ ላይ ነው። ክሮቹ እርስ በርስ ካልታሰሩ በእርግጥ ይሟሟሉ። ውሃ ሲገባ አንዱ ከአንዱ እየራቀ ሄዶ መጨረሻ ላይ የሚቀረው ዝልግልግ ፈሳሽ ነው። ያልታሰረ ፖሊአክሪሌት ፈሳሽን ለማወፈር የሚያገለግለው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ክሮቹን እዚህም እዚያም ማሰር ያስፈልጋል። የዓሣ መረብ አስቡ። ክሩ ብቻውን መረብ አይሆንም፤ መረብ የሚያደርገው ቋጠሮው ነው። ሳፕ ውስጥም ቋጠሮ የሚሆኑ፣ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ እጅ ያላቸው ሞለኪውሎች ይጨመራሉ። አንዱ እጅ ይህን ክር፣ ሌላው እጅ ያንን ክር ይይዛል። መጠናቸው ከጠቅላላው አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም። ግን የዱቄቱን ጠባይ የሚወስኑት እነሱ ናቸው።

ቋጠሮው ከላላ መረቡ በጣም ይለጠጣል። ብዙ ውሃ ይገባል፤ ጄሉ ግን እንደ ንፍጥ ይለሰልሳል፣ ጫና አይችልም። ቋጠሮው ከበዛ ጄሉ ጠንካራ ይሆናል፣ የሚጠጣው ግን ትንሽ ነው። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ማግኘት አይቻልም። ወይም ለረጅም ጊዜ አይቻልም ሲባል ኖሯል። ወደዚያ እንመለሳለን።

ጥሬ ዕቃው ከየት ይመጣል?

ከነዳጅ ነው። ፕሮፒሊን የሚባለው ጋዝ ከድፍድፍ ነዳጅና ከተፈጥሮ ጋዝ ሥራ ይገኛል። ይህ ጋዝ ከአየርና ከእንፋሎት ጋር ተቀላቅሎ በጋለ ካታሊስት ላይ ያልፋል። ካታሊስት ማለት ራሱ ሳያልቅ ለውጡን የሚያፋጥን ነገር ነው። መጀመሪያ አክሮሊን ይሆናል፤ ዓይን የሚያቃጥል መርዛማ ነገር ነው። በሁለተኛው ዙር አክሮሊኑ አክሪሊክ አሲድ ይሆናል። ከዚያ ይጣራል።

አክሪሊክ አሲድ ጠባዩ አስቸጋሪ ነው። ዶቃዎቹ መሰካካት ይወዳሉ፤ ማንም ሳያዛቸው በራሳቸው ሊጀምሩ ይችላሉ። ሲሰካኩ ሙቀት ይለቃሉ። ሙቀቱ ሌሎቹን ይቀሰቅሳል፣ እነሱም ተጨማሪ ሙቀት ይለቃሉ። ታንከር ሙሉ አሲድ እንዲህ ከጀመረ የሚያቆመው የለም።

ስለዚህ በአሲዱ ውስጥ ዘበኛ ይቀመጣል፤ መሰካካቱን የሚያግድ ትንሽ ኬሚካል። የሚገርመው ይህ ዘበኛ ብቻውን አይሠራም፤ በአሲዱ ውስጥ የሟሟ ኦክስጅን ይፈልጋል። ሌሎች ተቀጣጣይ ፈሳሾች ሲከማቹ አየሩን አስወጥቶ በናይትሮጅን መተካት የተለመደ ጥንቃቄ ነው። አክሪሊክ አሲድ ላይ ያንን ማድረግ ዘበኛውን እንደማስተኛት ነው።

ሌላም ጣጣ አለ። አሲዱ በ14 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይረጋል። ሲረጋ የረጋው ክፍል ዘበኛውን ገፍቶ ያስወጣዋል። በኋላ ሲቀልጥ አንዱ ቦታ ዘበኛ የሞላበት፣ ሌላው ቦታ ምንም የሌለበት ይሆናል። የረጋ አሲድ በእንፋሎት ልቅለጠው ያለ ሰው ከዘበኛ የተለየውን ክፍል በእሳት እየቀሰቀሰ ነው። በለብታ፣ ቀስ ብሎ፣ እያንቀሳቀሱ ማቅለጥ ግድ ነው።

ይህ በወረቀት ላይ ብቻ ያለ ስጋት እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. መስከረም 29 ቀን 2012 ጃፓን፣ ሂሜጂ ከተማ በሚገኘው የኒፖን ሾኩባይ ፋብሪካ አንድ የአክሪሊክ አሲድ ታንከር ፈነዳ። በታንከሩ የላይኛው ክፍል የነበረው አሲድ በበቂ ሁኔታ እየተዘዋወረ አይቀዘቅዝም ነበር። ሙቀቱ ቀስ እያለ ከፍ አለ፤ በመጨረሻም መሰካካቱ ተለቀቀ። ለማቀዝቀዝ ከመጡት የእሳት አደጋ ሠራተኞች አንዱ ሞተ፤ ከ30 በላይ ሰዎች ተጎዱ። ኩባንያው በዓለም ካሉት ግዙፍ የሳፕ አምራቾች አንዱ ስለነበር የዳይፐር ፋብሪካዎች ዱቄት እናጣለን ብለው ተጨነቁ። አንዲት ቀጭን ዳይፐር ከኋላዋ ምን እንዳለ ያኔ ብዙ ሰው አወቀ።

ፋብሪካው ውስጥ ምን ይደረጋል?

መጀመሪያ አሲዱ ይለዝባል። ከውሃና ከኮስቲክ ሶዳ ጋር ይቀላቀላል፤ ሶዲየሙ የሚመጣው ከዚህ ነው። ይህም ራሱ ብዙ ሙቀት ስለሚፈጥር እያቀዘቀዙ ነው የሚሠሩት። አሲዱ ግን ሙሉ በሙሉ አይለዝብም። ከመቶው 70 ወይም 75 ያህሉ ጨው ሆኖ የቀረው አሲድ እንደሆነ ይተዋል። አንደኛ፣ ሙሉ በሙሉ ከለዘበ ቆዳ ለሚነካ ነገር ከሚመቸው በላይ ከአሲድነት ይርቃል። ሁለተኛ፣ በኋላ ለሚመጣ አንድ ሥራ ያልተነኩ አሲዶች ያስፈልጋሉ።

ከዚያ ቋጠሮ የሚሆነው ይጨመራል። ቀጥሎ ያ ዘበኛ ይሰናበታል። ፈሳሹ ውስጥ ናይትሮጅን እየተነፋ ኦክስጅኑ ይወጣል። በመጋዘን ውስጥ ሕይወት አድን የነበረው ኦክስጅን እዚህ እንቅፋት ነው፤ ካለ መሰካካቱ አይጀምርም፣ ወይም እየተቆራረጠ አጭር ክር ይሆናል። ኦክስጅኑ ሲወጣ ቀስቃሽ የሚባል ሌላ ኬሚካል በትንሹ ጠብ ይላል። ክሩ መሠራት ይጀምራል።

ይህ የሚሆነው ብዙ ጊዜ በሁለት ዓይነት መሣሪያ ነው። አንዱ ሰፊ ተንቀሳቃሽ ቀበቶ ነው። ፈሳሹ በአንዱ ጫፍ ይፈስበታል፤ ቀበቶው እየሄደ ሳለ ይረጋል፣ ይሞቃል፣ ይጠነክራል። በሌላው ጫፍ እንደ ወፍራም የጎማ ምንጣፍ ሆኖ ይወጣል። ሌላው ማቡኪያ ነው። ጎን ለጎን የሚዞሩ ሁለት ዘንጎች ላይ ያሉ ክንፎች ጄሉን ገና ሲረጋ ጀምሮ እያቦኩ ይቆራርጡታል። ቀበቶው ለክሩ ይራራል፤ ማቡኪያው ሥራ ያሳጥራል። የትኛው ይሻላል ለሚለው መልሱ ፋብሪካውን የሠራው ማን ነው የሚለው ነው፤ ሁሉም የራሱን ያወድሳል።

የወጣው ጄል ከግማሽ በላይ ውሃ ነው። ከዚያም የስጋ መፍጫ በሚመስል፣ ግን በጣም በተለቀ ማሽን ይፈጫል፤ ጄሉ ቀዳዳ ባለው የብረት ሰሌዳ ውስጥ ተገፍቶ ፍርፍር ብሎ ይወጣል። እዚህ ላይ ኃይል ከበዛ ክሮቹ ይበጣጠሳሉ። የተበጠሰ ክር ደግሞ ከመረቡ አምልጦ በኋላ ወደ ውሃው ይገባል። ጥሩ ባልሆነ ዳይፐር ላይ እጅ የሚያሙለጨልጭ ነገር ሲሰማችሁ አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል።

ፍርፋሪው ቀዳዳ ባለው ቀበቶ ላይ ተነጥፎ ከ150 እስከ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ትኩስ አየር ይደርቃል። ካነሰ መሃሉ እርጥብ ይሆንና መፍጫውን ያጣብቃል። ከበዛ ዱቄቱ ይወይባል፣ ክሩም ይጎዳል። ከዚያ በሚሽከረከሩ ጥቅል ብረቶች መካከል ተሰብሮ በወንፊት ይነፋል። የሚፈለገው መጠን በአብዛኛው ከ150 እስከ 850 ማይክሮን ነው፤ ትልቋ አንድ ሚሊሜትር አትሞላም። የተለቀው ተመልሶ ይፈጫል። ከ150 በታች ያለው ድቃቂ ግን ራስ ምታት ነው። ይቦናል፣ ወደ ሳንባ ይገባል፣ ዳይፐር ውስጥም መንገድ ይዘጋል። መጣል ደግሞ ኪሳራ ነው። ብዙ ፋብሪካ በውሃ አጣብቆ ወደ ጄሉ ይመልሰዋል።

ይህን ያህል ተደክሞበት የተገኘው ዱቄት ለዳይፐር ገና አልደረሰም።

ከዚህ በኋላ ምን ቀረው?

የስንዴ ዱቄት ውስጥ ውሃ በችኮላ ስታፈሱበት ምን ይሆናል? ይጓጉላል። የጓጎለውን ስትሰብሩት መሃሉ ደረቅ ነው። ውጪው ቶሎ ረጥቦ ተጣበቀና ለውሃው በር ዘጋበት። ሳፕም እንደዚሁ ያደርጋል። ፈሳሽ መጀመሪያ የነካቸው ቅንጣቶች ያብጣሉ፣ ይለሰልሳሉ፣ ይጣበቃሉ። ከሥራቸው ያሉት ደርቀው ይቀራሉ። ፈሳሹም መግቢያ አጥቶ በጎን ይወጣል። በሥራው ሰዎች ዘንድ ይህ የጄል መዘጋት ይባላል። በጣም ብዙ የሚጠጣ ሳፕ መጥፎ ሳፕ ሊሆን የሚችለውም በዚህ ነው፤ ስስታሙ ቅንጣት ለራሱ ጠጥቶ ለሌላው ይዘጋል።

መላው የተገኘው ቅንጣቷን ሁለት ዓይነት በማድረግ ነው። ውስጧ በላላ ቋጠሮ ይታሰራል፤ ብዙ ትጠጣለች። ቅርፊቷ ደግሞ በጠበቀ ቋጠሮ ይታሰራል፤ ቅርጿን ትይዛለች። ልክ ቅርፊቱ ጠንካራ፣ መሃሉ ለስላሳ እንደሆነ ዳቦ። ያበጡ ቅንጣቶች እንዲህ ሲሆኑ አይጣበቁም። በመካከላቸው ክፍተት ይቀራል፤ ፈሳሹም በክፍተቱ ወርዶ ታች ያሉትን ያገኛል። አይቻልም ሲባል የነበረው የመጠጣትና የመጠንከር ጸብ በአብዛኛው የተፈታው በዚህ ነው።

እንዴት ይሠራል? ደረቁ ዱቄት ላይ ቋጠሮ የሚሆን ፈሳሽ በትንሹ ይረጫል። ከዚያ ዱቄቱ ወደ 200 ዲግሪ በሚጠጋ ሙቀት ለደቂቃዎች፣ አንዳንዴም እስከ አንድ ሰዓት እየተገላበጠ ይቆያል። ቀድሞ ሳይለዝቡ የተተዉት አሲዶች አሁን ይፈለጋሉ፤ አዲሱ ቋጠሮ የሚይዘው እነሱን ነው።

ሲነገር ቀላል ነው። ግን አስቡት፤ ውሃ ለመጠጣት ተብሎ በተሠራ ዱቄት ላይ ነው ፈሳሽ የምትረጩት። አንዷ ጠብታ ከተለቀች እዚያው ትጓጉላለች። ፈሳሹ ጠልቆ ከገባ ቅርፊት ሳይሆን ሙሉ ቅንጣቷ ትጠነክራለች። ካልገባ ደግሞ ቅርፊቱ በመጓጓዣ መፋተግ ብቻ ይላጣል። ስለዚህ ፈሳሹን ብቻውን አይረጩም፤ ከግሊሰሪን ዝምድና ካላቸው አልኮሎች ጋር ቀላቅለው፣ በጣም በሚፈጥን ማደባለቂያ፣ በጉም መልክ ነው የሚረጩት። ኩባንያዎች በፓተንት አጥብቀው ከሚጠብቋቸው ነገሮች አንዱ ይህ ደረጃ ነው። ለእኔም ከጠቅላላው ሥራ የሚገርመኝ ይኸው ነው፤ የቅርፊቱ ውፍረት በዓይን አይታይም፣ የሌሊቱ እንቅልፍ ግን በእሱ ይወሰናል።

ከዚያ ዱቄቱ ይቀዘቅዛል፣ እንደገና ይነፋል፣ እንዳይጓጉል ትንሽ ሲሊካ የመሰለ ነገር ይጨመርበታል፣ ትላልቅ ከረጢት ውስጥ ታሽጎ ይወጣል። ከአየር እርጥበትም ስለሚጠጣ ከረጢቱ ክፍት አይቆይም። የፋብሪካው ወለል ላይ ሲፈስ ደግሞ አጥቦ ማጽዳት አይሞከርም። በውሃ የነካው ሰው ከሳሙና የባሰ አንሸራታች ወለል ነው የሚያተርፈው። በመጥረጊያና በሚስብ ማሽን ብቻ ይነሳል።

ክብ ቅንጣትስ የሚሠራው እንዴት ነው?

ከላይ ባየነው መንገድ የተሠራች ቅንጣት እንደ ተሰበረ ጠጠር ማዕዘን አላት። ክብ ቅንጣት ካያችሁ በሌላ መንገድ ተሠርታለች። የአሲዱ ውሃ ከዘይት መሰል ፈሳሽ ጋር ተደባልቆ በኃይል ይማሰላል። ውሃና ዘይት ስለማይዋሃዱ ውሃው ጠብታ ጠብታ ይሆናል። እያንዳንዷ ጠብታ እዚያው ረግታ ቅንጣት ትሆናለች። መፍጨት አያስፈልግም፤ ድቃቂውም ትንሽ ነው። ግን ፈሳሹ ተቀጣጣይ ነው፣ መልሶ ማጣራቱም ወጪ አለው። አብዛኛው የዓለም ሳፕ በመጀመሪያው መንገድ ነው የሚሠራው።

ጥሩ መሆኑ በምን ይታወቃል?

ፈተናው ከጠበቃችሁት በላይ ቀላል ነው። 0.2 ግራም ዱቄት የሻይ ከረጢት በሚመስል ነገር ውስጥ ይታሸጋል። 0.9 በመቶ ጨው ባለው ውሃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ይነከራል። ከዚያ በሚሽከረከር ማሽን ለ3 ደቂቃ ይጨመቃል፤ ልብስ ማጠቢያ ማሽን ልብስ እንደሚጨምቀው። የቀረው ይመዘናል። ደህና ዱቄት ከክብደቱ ከ25 እስከ 40 እጥፍ ይዞ ይቀራል።

ሁለተኛው ፈተና ክብደት ተጭኖበት እንዲጠጣ ማድረግ ነው። በእያንዳንዱ ስኩዌር ሴንቲሜትር 50 ግራም ያህል ይጫናል። የተቀመጠ ሕፃን በዳይፐሩ ላይ የሚያደርሰውን ጫና ለመምሰል ነው። ቅርፊት የሌለው ሳፕ እዚህ ላይ ይወድቃል። ሦስተኛው የፍጥነት ነው። በሚሽከረከር ጨዋማ ውሃ ውስጥ ዱቄቱ ይጨመርና ሽክርክሪቱ ጠፍቶ የውሃው ገጽ ለጥ እስኪል ስንት ሰከንድ እንደፈጀ ይቆጠራል። የኬሚስትሪ ዲግሪ ሳይኖር የሚገባ ፈተና ነው።

ማን ጀመረው?

የመጀመሪያው ሐሳብ ከሕፃን ጋር ግንኙነት አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ በአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ሥር፣ ፒዮሪያ፣ ኢሊኖይ በሚገኝ ቤተ ሙከራ፣ ተመራማሪዎች ከበቆሎ ስታርች ጋር ሰው ሠራሽ ክር አጋብተው ከክብደቱ በመቶዎች እጥፍ ውሃ የሚጠጣ ነገር አገኙ። «ሱፐር ስለርፐር» የሚል ቅጽል ስም ወጣለት። ዋናው ሐሳብ አፈር ውስጥ ውሃ ማቆየት ነበር። ጃፓኖች ግን ሌላ ነገር ታያቸው። እ.ኤ.አ. በ1978 ሳንዮ ኬሚካል ለወር አበባ ንጽሕና መጠበቂያ የሚሆን ሳፕ ለገበያ አቀረበ። በ1980ዎቹ ወደ ዳይፐር ገባ፤ ወፍራሙ ዳይፐር የዛሬውን ቅጥነት ያገኘው ከዚያ ወዲህ ነው። ዛሬ በዓለም ላይ በዓመት የሚመረተው በሚሊዮን ቶን ይቆጠራል። አብዛኛው ለዳይፐርና ለንጽሕና መጠበቂያ ይውላል። የቀረው ለእርሻ፣ ውሃ እንዳይገባበት ለሚጠበቅ የኬብል ሽፋን፣ ለኮንክሪት፣ ለታሸገ ስጋ ከሥር ለሚነጠፍ ጨርቅም ይሄዳል።

ጉዳት አለው?

ክሩ ራሱ በጣም ትልቅ ሞለኪውል ስለሆነ ቆዳ አልፎ አይገባም። ቁጥጥር የሚደረግበት ሳይሰካካ የቀረው አክሪሊክ አሲድ ነው፤ እሱ ቆዳ ያስቆጣል። በጥሩ ምርት ውስጥ የሚቀረው በጣም ጥቂት ነው። ከዳይፐር አምልጦ የሕፃን ቆዳ ላይ የታየ ጄል በእርጥብ ጨርቅ ተጠርጎ የሚነሳ ነገር ነው። ድቃቂውን መተንፈስ ግን አይገባም። ሙከራውን የምትሠሩ ዱቄቱን አታብንኑት። ጄሉን ደግሞ ቧንቧ ውስጥ አትድፉት፤ ይዘጋል።

ብዙ ጊዜ የሚነሳው «ቶክሲክ ሾክ» ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 አሜሪካ ውስጥ «ሬላይ» የተባለ ታምፖን (ሰውነት ውስጥ የሚገባ የወር አበባ መጠበቂያ) ከዚህ ከባድ ሕመም ጋር ተያይዞ ከገበያ ወጣ። ወሬው ሲተላለፍ ጥፋቱ ወደ ሳፕ ይዞራል። ሬላይ ውስጥ የነበሩት ግን የፖሊስተር ስፖንጅና ከሴሉሎስ (ከዕፅዋት ቃጫ) የተሠራ ጄል ነበሩ። ሕመሙን የሚያመጣውም ሰውነት ውስጥ መርዝ የሚያመነጭ ባክቴሪያ ነው። ዳይፐርና ሞዴስ ከሰውነት ውጪ የሚደረጉ ናቸው፤ ነገሩ ይለያያል።

እውነተኛው አደጋ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ውሃ ውስጥ ሲገቡ የሚያብጡ ባለ ቀለም የመጫወቻ ኳሶች አሉ። የዚሁ ቤተሰብ ናቸው። ሲደርቁ እንደ ከረሜላ ትንሽና ያሸበረቁ ናቸው። ትንሽ ልጅ ከዋጣቸው አንጀት ውስጥ አብጠው ይዘጋሉ፤ ቀዶ ሕክምና ያስፈለጋቸውና የሞቱም ልጆች አሉ። ራጅ ላይ ብዙ ጊዜ ስለማይታዩ ሐኪም ቶሎ ላያገኛቸው ይችላል። ልጅ ውጧል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ምልክት እስኪታይ አትጠብቁ፤ ለሐኪሙም ኳሱን ጥቀሱለት።

እርሻ ላይስ ይሠራል?

ይሠራል፤ በልኩ። ለአፈር የሚሠራው ብዙ ጊዜ በሶዲየም ፈንታ ፖታሲየም ያለበት ነው። ሶዲየም አፈር ያበላሻል፣ ፖታሲየም ግን ተክሉ ይፈልገዋል። ዱቄቱ ውሃ አይፈጥርም፤ የዘነበውን ወይም ያጠጣችሁትን ለጥቂት ጊዜ ያቆያል እንጂ። አፈሩ ወይም ውሃው ካልሲየም ከበዛበት ጉልበቱ ይቀንሳል። ካልሲየም ሁለት እጅ ስላለው ሁለት ክር ይዞ ያልተፈለገ ቋጠሮ ይሆናል።

ከተጣለ በኋላ ምን ይሆናል?

የክሩ አከርካሪ ካርቦን ከካርቦን ጋር የተያያዘበት ነው። ተሕዋስያን ይህን በቀላሉ አይበሉትም። ስለዚህ ያገለገለ ዳይፐር ከነውሃው ይቀበራል ወይም ይቃጠላል። አሁን አሁን አክሪሊክ አሲዱን ከነዳጅ ሳይሆን ከስኳር ለመሥራት ይሞከራል። እዚህ ላይ ቃል አታምታቱ፦ «ከዕፅዋት የተሠራ» ማለት «ይበሰብሳል» ማለት አይደለም። ከስኳር የመጣው አሲድ ከነዳጅ ከመጣው ጋር አንድ ነው፤ ክሩም አንድ ነው። በእርግጥ የሚበሰብስ ሳፕ ከስታርች ወይም ከሴሉሎስ ይሠራል፤ ጫና ሲመጣ ግን እስካሁን ከአክሪሊኩ ጋር እኩል መቆም ይቸግረዋል።

ሌላው መንገድ ያገለገለውን መልሶ መጠቀም ነው። ለዚህ መጀመሪያ ጄሉ ውሃውን መትፋት አለበት፤ በጭመቃ ደግሞ አይተፋም፣ የተሠራው ለዚያ ነውና። የሚያስተፋው ገበሬውን ያስቸገረው ካልሲየም ነው። የካልሲየም ጨው ሲጨመር ጄሉ ተኮማትሮ ውሃውን ይለቃል፤ ከጥጥ መሰሉ ቃጫና ከፕላስቲኩም ይለያል። ችግሩ በካልሲየም የታሰረው ዱቄት እንደ ድሮው አይጠጣም። ካልሲየሙን በአሲድ አጥቦ ማስወጣትና ሶዲየሙን በኮስቲክ ሶዳ እንደ አዲስ መመለስ ያስፈልጋል።